መቶ ሊትር አየር

ሰው ጠርቶኝ «እሺ» ሳልል የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ስድብ ነው፤ ለእኔ ግን የልደት ካርድ ነው። ስለዚህ አጎቴ ከሥራ ዳሳቸው ሆነው «መሐንዲሷ፣ እስቲ ብቅ በይ» ሲሉኝ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ፣ ሌላውን ካልሲ ውስጥ እንዳደረግሁ ደረስኩ። ሁለተኛውን ጫማ እስካጠልቅ ብዘገይ ኖሮ ምናልባት ሌላ ሰው ይጠሩ ነበር፤ እናንተም ይህን ከማንበብ ትተርፉ ነበር።

መሐንዲሷ የሚሉት እኔን ነው። እውነቱን ለመናገር ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንደኛ ዓመት ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው የጋራ ትምህርት ይወስዳል እንጂ መሐንዲስ የሚባል ነገር የለም። እስካሁን የተማርኩት ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና የአካል ብቃት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አየር ስለሆነ ለጉዳዩ የሚቀርበው የአካል ብቃት ነው፤ እዚያ ቢያንስ እናለከልካለን። ይህን ሁሉ ለአጎቴ በትዕግሥት አስረድቻቸዋለሁ። ሰምተው ሲያበቁ ለጎረቤቱ «ልጅቷ ትሑት ናት» ብለው አወሩ።

አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው። የምኖረውም እሳቸው ዘንድ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ ዳስ ሠሩና እንጨት ማገላበጥ ጀመሩ። ቤታችን ከኮተቤ መንገድ ተነስቶ ወደ እንጦጦ በሚወጣ ዳገት ወገብ ላይ ነው። ዳሱ ሦስት ግድግዳ ብቻ አለው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «አራተኛው እንጦጦ ነው» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ዳሱ መሐል አንድ ሣጥን ተቀምጦ ነበር። አንድ ወዳጃቸው የእንጨት ሥራውን ትቶ ሌላ ሥራ ሲገባ «አንተ ተጠቀምበት» ብሎ የሰጣቸው ነው። ከፍተው አሳዩኝ። ሽጉጥ የሚመስል የቀለም መርጫ፣ ሽጉጥ የሚመስል ሚስማር መምቻ፣ ደግሞ ሽጉጥ የማይመስል የእንጨት ማለስለሻ። ሦስቱም የሚሠሩት በአየር ነው። አየሩን የሚያቀርብላቸው ኮምፕረሰር ግን ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። ሰውዬው ሦስት እንግዳ ልኮ ምሳውን አስቀርቷል ማለት ነው።

«ኮምፕረሰሩን አንቺ ትመርጫለሽ» አሉኝ ጋሼ።

«እሺ» አልኩ።

ለምን እንደተቸኮለ ልንገራችሁ። ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ለሙሽሪት ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ያዘዙት ጋሼን ነው። ቁም ሣጥኑ ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው ቀለሙ ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ የሚፈልጉት በብሩሽ የተቀባ ሳይሆን በአየር የተረጨ ዱኮ ነው፤ መስተዋት ሳይኖረው ፊት የሚያሳይ። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ቅዳሜ የሙሽራው ወገኖች መጥተው ቁም ሣጥኑን ይወስዳሉ። ጋሼ እስከዚያ ድረስ ሥራቸውን ሁሉ በብሩሽ ነበር የሚቀቡት። ባለፈው ዓመት ሁለት ደንበኞች የብሩሹን መስመር በጣታቸው ዳስሰው፣ ምንም ሳይሉ፣ መገናኛ ካሉት ትልልቅ የፈርኒቸር ሱቆች ገዝተዋል። ጋሼ ያንን ጣት አልረሱትም።

«ይሄኛው ካልተሳካ» አሉኝ ረጋ ብለው «ዳሱን ለዶሮ እሰጠዋለሁ።»

ሲቀልዱ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ከፍ አላለም።

እኔም እንደ ጥንቁቅ ተማሪ አዲስ ደብተር ገዝቼ ሽፋኑ ላይ «ኮምፕረሰር» ብዬ ጻፍኩበት። ከኢንተርኔት እንዳነበብኩት ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው ታንኩ ስንት ሊትር አየር ይይዛል የሚለው ነው። ሁለተኛው ሞተሩ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ያስገባል የሚለው ነው፤ ይህን ፍሰት ይሉታል። አንደኛው ወዲያው ገባኝ። ሁለተኛው ስላልገባኝ ከሥሩ በቀይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ያልገባኝን ነገር ማስመር ልማዴ ነው፤ የገባኝ ያህል ዕረፍት ይሰጠኛል።

አንደኛው ለምን ቶሎ እንደገባኝ የእኛ ሰፈር ሰው ይረዳኛል። እኛ ዘንድ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ተመስገን ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሮቶ አለው፤ ያ ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር ከቤቱ ጣሪያ በላይ በብረት እግር ቆሞ ይታያል። አንዱ ሰው ሌላውን ሲያማ «ቤት ሠራ፣ ሮቶው ግን አምስት መቶ ሊትር ናት» ይላል። ልጅ ሲታጭ የሙሽራው ወገን ስንት ሊትር እንዳለው በዘዴ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይጠፋም። በእኛ ሰፈር የሰው ልጅ ሐሳብ ሁሉ ወደ ማጠራቀም ነው። ስንት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚመጣውማ የመጣ ዕለት ይታወቃል። ስንት ይይዛል ነው ጥያቄው።

አንድ ምሽት ጋሼ ለምክር ጠርተውኝ ስለ ታንኩ ስናገር እትዬ አስካለም ነበሩ።

«ትልቅ ነው እንጂ» አሉ እትዬ አስካለ። «በትንሽ ሮቶ የተገላገለ ማን አለ?»

«እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ» አሉ ጋሼ።

«ፍሰት የሚባል ነገር ግን አለ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱ ምንድን ነው?» አሉ ሁለቱም።

ደብተሬን አየሁት። በቀይ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። «ብዙም አይደለም» አልኩ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ማስደሰት ቀላል ነበር፤ አስደሰትኳቸው።

ሆኖም ጥንቁቅ ነኝ ብያለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ሳልጠይቅ አልገዛም አልኩ። ከዳገቱ ግርጌ ኮተቤ መንገድ ዳር ጎሚስታ አሉ፤ ጋሽ ቶሎሳ ይባላሉ። ይህ ዳገት ሁሉ ቤት ከመሆኑ በፊት እርሻ ሳለ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን ጎማ ይጠግናሉ። በሰፈሩ ውስጥ ኮምፕረሰር ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ታንኩ የቡና ጀበና የሚያህል፣ ድምጿ ግን እንጦጦ ማርያም ድረስ የሚሰማ አሮጌ ኮምፕረሰር ናት።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ እንደምን ዋሉ? አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»

«ጠይቂ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ደስ ሲላቸው በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ።

«የኮምፕረሰር ታንክ ትልቅ ሲሆን ይሻላል?»

የራሳቸውን ታንክ በዓይናቸው ገላመጡት። «ይሻላል ወይ ትላለች። መብራት በሄደ ቁጥር ባለ ባጃጁ ሁሉ ጥሎኝ ይሄዳል። ትልቅ ታንክ ቢኖረኝ ቀድሜ ሞልቼ እግሬን ዘርግቼ አልቀመጥም? ትልቅ ነው እንጂ። በጣም ትልቅ።»

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ «ለቀለምስ?» የሚል። ግን እኔ ባደግኩበት ቤት ታላቅን ሰው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ የመጀመሪያውን አላመንኩዎትም ማለት ነው። ጥያቄዬን ዋጥኩና ደብተሬ ላይ «ጋሽ ቶሎሳ፦ በጣም ትልቅ» ብዬ ጻፍኩ። አመስግኜ፣ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብዬ ሄድኩ። ለመጎንበስ ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል።

መገናኛ የሄድኩት ሰኞ ነው። የሱቁ ሻጭ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር።

«ሲስተር፣ ምን ልታዘዝ?»

«ታንኩ ትልቅ የሆነ ኮምፕረሰር።»

አንዱን አሳየኝ። ታንኩ መቶ ሊትር ነው፤ ቀይ ነው፤ ያበራል። ከላዩ የተቀመጠችው ሞተር በሬ ጀርባ ላይ ያረፈች ወፍ ትመስላለች። እኔ ግን በሬውን ነበር የማየው።

«ፍሰቱስ?» አልኩት፤ ቃሉን መጠቀሜ ራሱ አኮራኝ።

«ፍሰቱ ኖርማል ነው።»

«ፍሰት፦ ኖርማል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በላይ ብጠይቀው ሥራውን የማያውቅ ያስመስለዋል ብዬ ፈራሁ። የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ የሚናገር ወረቀት ከራሱ ጀርባ ተለጥፎ ነበር። እሱንም አነበብኩት፤ ፊደሉ ቆንጆ ነበር።

የገዛሁትን ያመጣችው ትንሽ ፒክአፕ ከዳገቱ ግርጌ አላለፈችም፤ መንገዱ ለቱቦ ተቆፍሯል። ሁለት ተሸካሚዎች ተስማሙና፣ ኮምፕረሰሩ ጎማ ስላለው፣ እየገፉ ይወጡ ጀመር። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ላባቸውን ሊጠርጉ ቆሙ። ከጎማው ሥር ድንጋይ አለማድረጋቸውን አይቻለሁ። እንዳየሁ ልናገርም ነበር። ግን በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ደክሟቸዋል፤ አንዲት ተማሪ ቆማ ስታዝዛቸው ደስ አይላቸውም ብዬ አሰብኩ።

ኮምፕረሰሩ መውረድ ጀመረ።

ሳይቸኩል ነው የወረደው። ቅዳሴ ሊደርሱ በቂ ጊዜ እንዳላቸው ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ የመንገዱን መሐል ይዞ። ድንች የሚሸጡ አንዲት ሴት ሰፌዳቸውን ወደ ጎን አድርገው አሳለፉት። እኛ ሦስታችን ከኋላው እንሮጣለን። ግርጌ ሲደርስ ወደ ግራ ዞረና ጋሽ ቶሎሳ ደጅ የተከመረው አሮጌ ጎማ ላይ ተደግፎ ቆመ። አንድም ጭረት አልነካውም።

ጋሽ ቶሎሳ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ አዩት። «አየር ሊሞላ መጥቶ ነው?» አሉኝ።

ይቅርታ ጠይቀን መልሰን ገፋነው።

ረቡዕ ቀን የሙከራው ቀን ሆነ። ጋሼ አዲስ ቱታ ለበሱ። እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ የእኛም፣ የእትዬ አስካለም ቤት አምፖል አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ታንኩ እስኪሞላ ሻይ ጠጣን። ከዚያ ጋሼ መርጫውን አንስተው አንድ የተጣለ ጣውላ ላይ ሞከሩት። ቀለሙ እንደ ጉም ወጣ፤ ጣውላው ላይ ሲያርፍ እንደ ወተት ለሰለሰ።

«እሰይ» አሉ እትዬ አስካለ ከአጥር ላይ። «ታንክ እንዲህ ነው።»

ጋሼ ዞረው አዩኝ። ያንን አስተያየት ገንዘብ አይገዛውም። ለሁለት ደቂቃ ያህል እኔ መሐንዲስ ነበርኩ።

ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ የመጀመሪያ በር ዞሩ። ከላይ ጀምረው እየረጩ ወደ ታች ወረዱ። ወገቡ ላይ ሲደርሱ መርጫው ሳል ያዘው። አንዴ ሳለ፤ ሁለቴ ሳለ፤ ከዚያ ሕፃን መድኃኒት ሲሰጡት እንደሚያደርገው ቀለሙን ጠብ ጠብ እያደረገ ተፋው። ሞተሯን አየሁ፤ ያቺ ወፍ በሙሉ ኃይሏ ትጮኻለች፤ የምታስገባው ግን መርጫው ከሚጠጣው ግማሹን አይሆንም። መቶ ሊትሩ አልቋል።

«እስኪሞላ እንጠብቅ» አልኩ።

ጠበቅን። ዱኮ ግን አይጠብቅም፤ ቶሎ ይደርቃል። ታንኩ እስኪሞላ የላይኛው ግማሽ ደርቆ፣ ጋሼ ሲቀጥሉ በሩ መሐል ላይ ቀበቶ የታጠቀ ይመስል መስመር ወጣበት። ሁለት ደቂቃ ረጨን፣ ከዚያ የሻይ ብርጭቆ ይዘን ቆምን፤ ሁለት ደቂቃ ረጨን፣ ሻይ ጠጣን። በአራተኛው ሙሌት ሞተሯ ግላ ራሷን አጠፋች። በሩን አየነው። ከላይ ሙሽራ ነው፤ ከመሐል በታች ኩፍኝ የወጣበት ነው።

«ደረሰልን?» አሉ እትዬ አስካለ ከአጥሩ።

ጋሼ በሩ ፊት ቆመው በሰውነታቸው ሸፈኑት። «እየደረቀ ነው» አሉ። «አሁን አይታይም።»

እትዬ አስካለ ገብተው እስኪጠፉ በዚያው ቆሙ። ከዚያ ተቀምጠው የብርጭቆ ወረቀት አነሱና ያንን ሁሉ ቀለም በእጃቸው መፋቅ ጀመሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው ዳሱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በዓይናቸው ለኩት።

«ለሃያ ዶሮ ይበቃል?» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔም የብርጭቆ ወረቀት አንስቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። በሩ እስኪነጻ እጄም ነጻ። «ጋሼ» አልኩ በመጨረሻ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብተሬን ላሳይዎት።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ገጽ በገጽ፤ ቢሮ ፋይል ሲያነቡ እንደኖሩት። «ጋሽ ቶሎሳ፦ በጣም ትልቅ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ለምን እንደምንፈልገው ነግረሽዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለምን?»

«ሁለተኛ መጠየቅ ነውር መሰለኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ በቀይ የተሰመረውስ?»

«እሱ ያልገባኝ ነው።»

«ያልገባሽን አስምረሽ፣ የገባሽን ገዛሽ» አሉኝ። ስድብ አልነበረም። አንድ ፋይል ላይ ማኅተም እንደ መምታት ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ጠዋት ትሄጂና ትጠይቂዋለሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ወረድኩ። ለጋሽ ቶሎሳ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ቁም ሣጥኑ፣ ስለ ቀበቶው መስመር፣ ስለ ዶሮዎቹ ጭምር። ሰምተው ሲያበቁ በረባሶ ጫማቸውን አጠለቁና «ልየው» ብለው ከእኔ ጋር ዳገቱን ወጡ። ዳሳችን ውስጥ ኮምፕረሰሩን አንዴ ዞሩት። ሞተሯን በጣታቸው ነካ አደረጓት፤ በሬውን ታንክ አላዩትም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ «ጎማ ጠጥቶ ይሄዳል። አንዱ ጠጥቶ ሌላው እስኪመጣ ታንኩ ይሞላል። የቀለም መርጫ ግን አፉን ከጡት የማይነቅል ጥጃ ነው። ለእንደዚህ ያለ ጥጃ የላሟ ጡት ትልቅ ነው ወይ አይባልም። ወተቱ ይወርዳል ወይ ነው።»

ፍሰት ማለት ይህ ነው። ሦስት ቀን ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ያልገባኝን በአንዲት ላም ጨረሱት።

«ደግሞ» አሉ ወደ እንጦጦ እያመለከቱ «እዚህ ከፍታ ላይ አየሩም ቀጭን ነው። ያ ሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ነው። እዚህ ከዚያም ያንሳል።»

ጂኦግራፊ ላይ «ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል» የሚለውን በትክክል መልሼ ማርክ አግኝቼበታለሁ። በእኛም ቤት እንደሚሳሳ ግን በፈተናው ላይ አልተጠየቀም።

ጋሼ ለእንግዳው በርጩማ አቀረቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቁም ሣጥኑን ያዩ ጀመር፤ ታማሚ ሊጠይቁ እንደመጡ። ሌላ ኮምፕረሰር የምንገዛበት አቅም እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን። የእትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ድንኳን ሲተከል መዶሻው ይሰማል።

ያን ጊዜ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረግኩትን ያደረግኩት።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል?»

«ሦስተኛም ይቻላል።»

«የእርስዎ ሞተር ለዚህ መርጫ ይበቃል?»

«የእኔማ ባለ ሁለት ጭንቅላት ናት፤ አየር በሁለት በኩል ትስባለች። ትጮኻለች እንጂ አትሰንፍም። ይበቃል።»

«ይህን ታንክ ደግሞ፣ መብራት ሲሄድ… እርስዎ ይፈልጉታል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ነውር የተናገርኩ መሰለኝና ወለሉን አየሁ።

«የእኔ አሮጌ ናት» አሉ ጋሽ ቶሎሳ በመጨረሻ፤ ለጋሼ ነው የተናገሩት።

«የእኔ አዲስ ነው፤ ግን አልሠራልኝም» አሉ ጋሼ።

«ድምጿ ጎረቤት ያስቀይምብሃል።»

«ጎረቤቴ ቀለሙን ካየች ድምፁን አትሰማም።»

ጋሽ ቶሎሳ ተነስተው ቀዩን ታንክ በመዳፋቸው ደበደቡት፤ በሬ ሲገዙ እንደሚደረገው። «እንግዲህ» አሉ «ይሄ ልጅ መጀመሪያም እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። እናንተ ናችሁ ጎትታችሁ የወሰዳችሁት።»

በዚያው ጠዋት ልውውጡ ተደረገ። ቀዩ ኮምፕረሰር ሲወርድ ተሸካሚዎቹ እነዚያው ሁለቱ ናቸው። እኔ በሁለት እጄ ሁለት ድንጋይ ይዤ ከጎናቸው ወረድኩ። በቆሙ ቁጥር «ድንጋይ» እላለሁ፤ እነሱም ያለ ምንም ቅያሜ ያደርጋሉ። አንደኛው እንዲያውም «ያን ዕለት እንዲህ ብትይን ምን ነበረበት?» አለኝ።

ዓርብ ቀን ጋሼ ረጩ። የጋሽ ቶሎሳ ኮምፕረሰር ስትጮኽ በግቢያችን መነጋገር የሚቻለው በእጅ ብቻ ነበር። ጋሼ በጣታቸው «ሁለተኛው በር» ይሉኛል፤ እኔ አመጣለሁ፤ በመዳፋቸው «ወደ ጎን» ይሉኛል፤ እኔ አዞራለሁ። መርጫው ከላይ እስከ ታች አንድም ጊዜ አልሳለም። ከአራተኛው ግድግዳችን፣ ማለትም ከእንጦጦ፣ ንፋስ መጥቶ አንዲት ትንኝ በግራው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አሳረፈ። እስከ ዛሬ እዚያ ናት። ሙሽሪት አግኝታት ከሆነ አልነገረችንም።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አስካለ የመጡት በአጥሩ ሳይሆን በበሩ ነው። ሁለት የሙሽራው ወገኖች ተከትለዋቸዋል። እትዬ አስካለ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሙ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመዋል፤ የምትመጣውን ጣት እየጠበቁ ነው። እኔም እየጠበቅኩ ነው።

እትዬ አስካለ ጣታቸውን አላነሱም። አንገታቸውን ትንሽ ዘመም አደረጉና በሩ ላይ ራሳቸውን አይተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከኋላቸው ካሉት ወጣቶች አንዱ ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን በእጁ አበጠረ። ተሸክመውት ሲወጡ ጋሼ እስከ በሩ ሸኟቸውና ተመልሰው መጥተው መርጫውን በዘይት ይወለውሉ ጀመር። ስለ ዶሮ ከዚያ ወዲህ አላነሱም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ነገር ግን ሰፈራችን ወሬውን ገልብጦ ነው የሰማው። ቁም ሣጥኑ ፊት አሳየ፤ ኮምፕረሰሩን የመረጠችው መሐንዲሷ ናት፤ ስለዚህ መሐንዲሷ መምረጥ ትችላለች ተባለ። የተለዋወጥነውን ማን ይቁጠረው። በሠርጉ ማግስት ሳምንት እትዬ አስካለ ዳሱ ውስጥ ገብተው ጋሼ ሥራ ላይ እያሉ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉኝ «አዲስ ሮቶ ልገዛ ነው። ሁለት ሺህ ሊትር ይሻለኛል ወይስ አምስት ሺህ?»

«እሺ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለቱንም ቁጥር አውቃቸዋለሁ፤ አንዱን ጠርቼ ማስደሰት እችል ነበር። ደብተሬንም አላነሳሁም።

«ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣልዎታል?» አልኩ።

«ሁለት።»

«በመጣ ቀን ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«እ… ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«በዚያ ሦስት ሰዓት አሁን ያለውን ሮቶ ይሞላዋል?»

አስበውት አያውቁም። «ግማሽ ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ። «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች? አንድ ነገር ብጠይቃት ሦስት ትጠይቀኛለች።»

ጋሼ ቀና አላሉም። መላጊያቸውን ጣውላው ላይ እያንሸራተቱ እንዲህ አሉ፦

«ተያት፣ ትጠይቅ። ሳትጠይቅ ያመጣችው ኮምፕረሰር ጎማ ቤት ነው ያለው።»